የፊደል ደቦ

ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢመልስ፣ ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ የዕድሜውን ማምሻ በብሕትውና አሳልፎ ግንቦት 11 ቀን ተሰወረባቸው እየተባለ ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የሚነገርላቸውን የስሜንን ተራሮች ያያል። በዚህ አገር ድጓ የሚማር ተማሪ፣ ከፊደሉ አናት ላይ እንደ ጤፍ የተበተኑትን ጥቃቅን ምልክቶች በዓይኑ እየለቀመ ድምፁን ያነሣል፣ ይጥላል፣ ይቆርጣል። ምልክቶቹን ያዘጋጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል፤ ሁለቱ ሊቃውንት በየይዘቱና በየድፋቱ ላይ ቀረጥ ጥለው ቢሆን ኖሮ ግን ድጓው ከደብር ወደ ደብር እንዲህ በቀላሉ ባልተሻገረ ነበር።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። እነዚያው ምልክቶች፣ ማለት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ፣ ከአጭር ርክርክና ከደረት ሂደት ጋር አሥር ሆነው፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ እየተቈጠሩ በሚሰፍሩበት በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው በ4.1ኛው ዕትም ገብተዋል፤ ስለዚህ በቶኪዮ ያለ ኮምፒውተርና በደባርቅ ያለ ስልክ ድፋትን የሚያውቁት በአንድ ቍጥር ነው። ፊደላችንን ወደዚህ መዝገብ፣ ከመዝገቡም ወደ ሰው እጅ ለማድረስ ከደከሙት መካከል፣ ስማቸው ሳይነሣ የማይታለፉት ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንትየር ፋውንዴሽን የተባለው ማኅበራቸው ናቸው።

የነገሩ ጥንት ግን ከዚህ ይርቃል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍሥሐ አጥላው በኮምፒውተር አማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ሲሠሩ በዳሸን ስም አወጡት፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን ራስ ዳሸንን እያየ ያደገ የስሜን ልጅ በዚህ ስም ቢኰራ አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም ተከታትለው መጡ፤ ጽሕፈትን ማቅለላቸው የማይካድ ሲሆን፣ ሁሉም ፊደሉን በየራሳቸው ቍጥር ስላስቀመጡት፣ ባንደኛው «ሀ» የነበረው በሌላው ሌላ ነገር እየሆነ የባቢሎንን ግንብ ያስታውስ ነበር። እኔ ራሴ ዳባት ላይ ያስጻፍኩትን ማመልከቻ በፍላሽ ይዤ ደባርቅ ወደሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ብወስደው፣ የኀላፊው ስም የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅ ሆኖ ወጣና፣ ጸሓፊዋ «ጋሼ፣ ይኸ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አፍሬ በእጄ ጻፍኩት።

በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በ3.0ኛው ዕትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን ሲቀበል ይህ ውዝግብ በመዝገብ ደረጃ መፍትሔ አገኘ። ዳሩ ግን በመዝገብ መግባት ክርስትና እንደ መነሣት ነው፤ ሕፃኑን ማሳደግ ገና ይቀራል። ፊደሉን የሚስል ፎንት፣ ጣትን ከፊደሉ የሚያገናኝ ኪቦርድ፣ ወራትንና ዕለታትን ለኮምፒውተሩ የሚያስተምር ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሥራ አብዛኛውን የሠሩት ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመውና እንዲያካፍለው ገልጠው የሚያስቀምጡ፣ በዘመኑ አጠራር የኦፕን ሶርስ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ከ1999ኙ ዕትም አስቀድመው እንኳ፣ ናኦቶ ታካሃሺ የተባሉ ጃፓናዊ ኢማክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ግዕዝ የሚጽፍ ክፍል አዘጋጅተዋል፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያወጡትንና ግዕዙን በላቲን ፊደል የሚወክለውን «ሴራ» የተባለ ሥርዐትም ያውቃል። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ቢከብድም፣ ተንኰል ያልነበረበት ሴራ ይኸ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በሊኑክስ ውስጥ ጂሊብሲ በሚባለው የጋራ የኮድ ስብስብ የተደበቀው ነው። ከአማርኛና ከትግርኛ፣ ከሲዳምኛና ከወላይትኛ ጎን ግዕዝ ራሱን ችሎ፣ እንደ አንድ ሕያው ቋንቋ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ይባስ ብሎም ፊደሉ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ እንዲደረደርለት ለሚሻ ሰው ሁለተኛ ቅጽ ተዘጋጅቶለታል። ይህን ያህል የተጨነቀው፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው መሆን አለበት።

በዚሁ መንገድ ኪማን የተባለውን የኪቦርድ መሣሪያ ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ተረክቦ ኋላ ኮዱን ከፈተው፤ አቢሲኒካ የተባለው ፎንትም በነፃ ፈቃድ ይታደላል። የዚህ ነፃነት ጥቅም ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ፈቃዱን ለማሳደስ ወደ ባሕር ማዶ መደወል የማያሻው መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ መሻገር ይችል እንደነበር ልብ ይሏል። ነገሩ ደቦ ነው፤ እኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደዚህ ደቦ የምንመጣው ጠላው ሲቀርብ ነው።

ወደ ዳባት ልመለስ። በዚህች ወረዳ የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። አንዲት እናት ልጄ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን ነው ብትል፣ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ማሽን ምን ሊጽፍ ነው? አይሲዩ በተባለው ክፍት ኮድ ውስጥ የእኛ ዘመን አቈጣጠር ከነጳጉሜኑ አለ፤ ከሥጋዌ በፊት 5500 ብሎ የሚነሣው ዓመተ ዓለም እንኳ አልተረሳም። ጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ የተቀበለውና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ 2ም የኢትዮጵያን ቀን ይቀበላል። መዝጋቢው ቀን ሲለውጥ የሚሠራው ስሕተት በልጁ ዕድሜ፣ በክትባቱም ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥራው እስካሁን አልቆመም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጌኛ ጽሕፈት የሚያገለግሉ 28 ፊደላት ተጨምረው በመዝገቡ ያለው የግዕዝ ቍጥር 523 ደርሷል። የዜማው ነገር ግን እንደ ተንጠለጠለ ነው። አሥሩ ምልክቶች ቍጥር ቢያገኙም፣ በድጓው ላይ አብረዋቸው የሚጻፉትን፣ ከዜማ ቃል ተቈርጠው የቀሩትን ንኡሳን ፊደላት ከመስመሩ በላይ፣ ከየቃላቸው ትይዩ ማስቀመጥ የቍጥር ሳይሆን የአቀማመጥ ጥበብ ነው፤ ለዚህም ኮድ የሚጽፍ ሰው ብቻውን አይበቃም። አንድ ቀን በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣትና አንድ የስሜን የድጓ መምህር ባንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ፣ ወጣቱ ስክሪኑን እያሳየ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ይህን ይመስለኛል፦ «የኔታ፣ ቅናቱን ከፊደሉ ቀኝ ላድርገው ወይስ ከራሱ ላይ?»