ሎደሩ ጭነት ማንሳት ሲያቅተው መጀመሪያ ዘይቱን ማየት

የግንቦት ወር ለአርሶ አደሩ ፋታ የለውም። ማሳ ይለሰልሳል፤ ኮምፖስት ይጓጓዛል። በዚህ ወቅት ሎደር የተገጠመለት አነስተኛ ትራክተር ጭነት ማንሳት ሲያቅተው “ፓምፑ ተበላሽቷል” ብሎ መለዋወጫ ፍለጋ መሮጥ የተለመደ ነው። ፓምፕ ግን ውድ ነው፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ ከዚያ የቀለለ ነው።

ቅድሚያ ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ አካፋውን መሬት አስነክቶና ሞተሩን አጥፍቶ የሃይድሮሊክ ዘይቱን መለካት ይገባል። ዘይት ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሎደሩም እየተንቀጠቀጠ ይነሳል። አረፋ የበዛበት ዘይት አየር መግባቱን፣ ወተት የመሰለው ደግሞ ውሃ መቀላቀሉን ያመለክታል። ዘይቱ በቂ ሆኖ ፓምፑ የሚጮህ ከሆነ የተደፈነ ፊልትሮ ይጠረጠራል። የተነሳ አካፋ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ከወረደ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ወይም ቫልቩ ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

የሚያፈስ ቱቦን በእጅ መዳሰስ አደገኛ ነው። ከመርፌ ቀዳዳ በማይበልጥ ስንጥቅ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው። ባልተደገፈ አካፋ ሥር መግባትም ሕይወት ያሳጣል።

ትራክተር በጋራ የሚጠቀሙ ማኅበራት ዘይት የተለካበትንና ፊልትሮ የተቀየረበትን ቀን በደብተር ቢመዘግቡ፣ ወረዳዎችም ይህንኑ በኦፕሬተሮች ሥልጠና ቢያካትቱ፣ ክረምት ሲገባ ቆሞ የሚገኝ ትራክተር ይቀንሳል።