ተቅማጡ ሳይቆም ኦ.አር.ኤስ ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ እናቶች «ለልጄ ኦ.አር.ኤስ ሰጠሁት፤ ተቅማጡ ግን አልቆመም» ብለው ማጠጣቱን ያቋርጣሉ። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የአንጀትን ነርቮች ማወቅ ይጠቅማል።

አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው። አንደኛው ክፍል በጡንቻዎቹ መካከል ሆኖ ምግብን ወደ ታች የሚገፋውን እንቅስቃሴ ይመራል፤ ሆዳችን ሲጮህ የምንሰማው ይህንኑ እንቅስቃሴ ነው። ሁለተኛው ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ሥር ተዘርግቶ ወደ አንጀት የሚፈሰውን የውሃና የጨው መጠን ይቆጣጠራል። ነርቮቹ ምግቡን በቀጥታ አይነኩትም። በሽፋኑ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ምግቡን ወይም መርዙን እንደ መቅመስ ብለው ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ ነርቮቹን የሚያነቃቸውም ይኸው ነው።

የኮሌራ ጀርም መርዝ የሽፋኑን ሕዋሳት ጨውና ውሃ እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል። በዚያ ላይ ነርቮቹን ስለሚያስቆጣ ፍሰቱ ይብሳል። በጠና የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል።

ሆኖም ስኳርንና ጨውን አንድ ላይ ወደ ሰውነት የሚያስገባው በር አይዘጋም፤ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። ስለዚህ የኦ.አር.ኤስ ሥራ የፈሰሰውን መተካት እንጂ ተቅማጡን ማስቆም አይደለም። ይህ የታየው እንደኛው ባሉ ስደተኞች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ሸሽተው ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በተጠለሉት ላይ ኮሌራ ሲነሳ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ አለ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ እየተበጠበጠ በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ፤ የታማሚ ቤተሰቦችም እያጠጡ አስታመሙ። ቀድሞ ከ100 ታማሚዎች 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ ቁጥሩ ወደ 4 ገደማ ወረደ።

ተቅማጥ ያስቆማል ተብሎ የሚሸጠው ሎፔራማይድ የተባለው ክኒን ግን የጡንቻዎቹን ነርቮች ያደነዝዛል። ተቅማጡ የቆመ ይመስላል፤ ፈሳሹና ጀርሙ ግን ሆድ ውስጥ ይቀራሉ። ለሕፃናት ፈጽሞ አይስጡ።

ኦ.አር.ኤሱን በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን (አብዛኛውን ጊዜ 1 ሊትር) ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙበት። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በተቀመጠ ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ በማንኪያ ይስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ጡት አያቋርጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በመንገድም ላይ ማጠጣት ከቻሉ ያጠጡት።