የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ዳግመኛ ኬሞቴራፒ ሲታዘዝለት

ከቆቦና ከራያ ቆላ ለካንሰር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጓዛል። ቤተሰቡም በሬውን ወይም ግመሉን ሸጦ አስታማሚ መድቦ ይልከዋል። የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ የመጀመሪያውን ሕክምና ፈጽሞ ከተመለሰ በኋላ በሽታው ሲያገረሽበት፣ ዳግመኛ ኬሞቴራፒ እንዲወስድ ይመከር ይሆናል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በልቡ የሚያሰላስለው፣ «ይህ መድኃኒት ምን ያህል ዕድሜ ይጨምርለታል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት አስበናል።

አስቀድመን የስሙን ነገር እንለይ። «የሳንባ ነቀርሳ» በተለምዶ ተላላፊው ቲቢ ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲባል ግን ካንሰርንም ያመለክታል። ቲቢ በጀርም የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን ሲሆን፣ የሳንባ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታና ክሳት በሁለቱም ስለሚታዩ፣ የቲቢ መድኃኒት ወስዶ ሳሉ ያልተወው ሰው እንደገና መመርመር ይገባዋል።

ካንሰሩ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል ከተሰራጨ በኋላ ኬሞቴራፒ ዕድገቱን ያዘገያል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። በ1992 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2000) የታተመ ጥናት የመጀመሪያው ሕክምና ያልያዘላቸውን ሕመምተኞች በሁለት ወገን ከፈለ። ዶሴታክሰል የተባለውን መድኃኒት ለሰውነታቸው በሚስማማው መጠን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ7.5 ወር በላይ ኖሩ፤ በማስታገሻ ብቻ ከተረዱት ግማሾቹ ከ4.6 ወር በላይ ኖሩ። አንድ ዓመት የደረሱት ከመቶ 37 እና 11 ነበሩ። ነገር ግን ወደ ጥናቱ የገቡት የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከአልጋ ውጭ የሚውሉ ብቻ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። የዕጢው ጠባይ ተመርምሮ ለሚታዘዙት ለአዳዲሶቹ መድኃኒቶች ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው።

ሐኪሞች የሚመለከቷቸው ዋና ዋና ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ የሰውነት ዐቅም ነው። ካርኖፍስኪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በ1941 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1949) ለዚህ መስፈርት አውጥቶ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት አጭሩ መስፈርት ከ0 እስከ 4 የሚቆጠር ሲሆን፣ በእኛ አገር ኑሮ ሲገለጽ እንዲህ ነው። 0፦ እንደ ቀድሞው የሚያርስና የሚያጭድ፤ 1፦ እርሻ ቢከብደውም የማሽላ ማሳ ከወፍ የሚጠብቅ፤ 2፦ ሥራ ባይችልም ራሱ ታጥቦና ለብሶ ከቀኑ ከግማሽ በላይ ከአልጋ ውጭ የሚውል፤ 3፦ ከግማሽ በላይ ተኝቶ የሚውል፤ 4፦ ፈጽሞ ከአልጋ የማይነሣ። ለ3 እና ለ4 ኬሞቴራፒው ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሁለተኛ፤ ክሳት ነው። ሳይፈልግ በፍጥነት የከሳ ሰው መድኃኒቱን የመቋቋም ኀይሉ ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፤ የፊተኛው መድኃኒት በሽታውን ለብዙ ወራት ይዞት ከነበረ ተስፋው ይሻላል፤ ወዲያው ካገረሸ ግን ይጠባል።

አራተኛ፤ በሽታው ጉበትን ወይም አንጎልን መንካቱና የደም ማነስ መኖሩ ዕድሜን ያሳጥራሉ።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው እንኳ የሞትን ቀን አይናገሩም። በዚያው በ1992 ዓ.ም. የታተመና ስለ 468 ጽኑ ሕመምተኞች በአሜሪካ በቺካጎ የተደረገ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ሐኪሞች ከሰጡት መቶ ግምት ወደ እውነቱ የተጠጋው 20 ብቻ ሲሆን፣ 63ቱ ሕመምተኛው ከኖረው የረዘመ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ «ስድስት ወር» ቢል ግምት እንጂ ቀጠሮ አይደለም።

እንግዲህ በሬው ከመሸጡ በፊት ሐኪሙ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ሕመምተኛው በመስፈርቱ ስንተኛ ነው? መድኃኒቱ ይጨምራል የሚባለው ዕድሜ ስንት ነው? ከዚያውስ ስንቱ በመንገድና በሆስፒታል ያልቃል? ደግሞም ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ትኩሳት ቢይዘው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ስላለበት፣ ከሕክምና ርቆ የሚኖር ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ዳግመኛ ኬሞቴራፒ የማይስማማው ሕመምተኛ ሕክምና ቀረበት ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2010) በአሜሪካ በቦስተን የወጣ ጥናት፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር ከመጀመሪያው አንሥቶ የማስታገሻ እንክብካቤ ያገኙ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ግማሾቹ ከ11.6 ወር በላይ፣ ያላገኙት ግማሾቹ ከ8.9 ወር በላይ መኖራቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ሕመምንና ትንፋሽ ማጠርን የሚያስታግሰው መድኃኒት በቅርብ ይገኝ እንደሆነ በቆቦ ወይም በወልድያ ሆስፒታል ይጠየቅ።

በመጨረሻም፣ ክፉ ወሬን ከሕመምተኛው መሰወር ልማዳችን ነው። ነገር ግን የሚመከረው ስለ እርሱ ዕድሜ ነውና፣ ማወቅ የሚፈልግ እንደሆነ ተጠይቆ፣ እሺ ካለ እውነቱ በለዘበ ቃል ይነገረው። ዕዳውን የሚከፍልበት፣ ልጆቹን የሚመርቅበትና ከቤተ ሰቡ ጋር የሚሰነብትበት ጊዜ በመንገድ ላይ እንዳያልቅበት መምረጥ የራሱ መብት ነው።