ከመፍቻው በፊት መለኪያው

የመኪና ባለቤት በግቢው የሚያስቀምጠው የመሣሪያ ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው በሚፈቱና በሚያጠብቁ ዕቃዎች ነው፤ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ክሪክ ቀድመው ይገዛሉ፣ የጎማን ንፋስ፣ የባትሪን ኃይልና የፍሬን ሸራን ውፍረት የሚለኩት ግን የጋራዥ ዕቃ ተደርገው ይተዋሉ። እንደ ጎንደር ባለ ደጋና ተዳፋት ከተማ ይህ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ይሻላል፤ ከፍታውም ቁልቁለቱም በመኪና ላይ የሚያደርሱት ጫና በዓይን ሳይታይ የሚጠራቀም፣ በመለኪያ ግን ቶሎ የሚገለጥ ነውና።

ሞተር ወደ ከተማዋ በብዛት የገባው ከጦርነት ጋር ነው። በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው፣ በመኪና የተጓጓዘው የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ፣ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመን ፒያሳ በዛሬው መልኩ ተሠራ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ተከዜ አቅጣጫ የሚወርደው መንገድም ወጣ። የፒያሳን ዳገት በየዕለቱ የሚወጣ፣ አልፎ አልፎም ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ምን እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ይኸው መልክዓ ምድር ነው።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ ርካሹና ተፈላጊው የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ሳይሆን፣ ይህ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ወለል 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን፣ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ወደ 11.4 ይወርዳል፣ በቆላው መተማ ደግሞ 13.5 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ጎንደር ላይ 32 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ መተማ ሲደርስ 30 ገደማ ባሳየ ነበር፤ ሙቀት ግን በየ6 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ 1 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምር፣ በማለዳ ብርድ የተሞላው ጎማ በቆላ ፀሐይ ከተሞላበት በላይ ያነባል። ሁለቱ ኃይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሠሩ ውጤቱን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ ጎማውን በእግር መታ መታ አድርጎ መፍረድ ደግሞ ከግምትም ያነሰ ነው። ትክክለኛው ሰዓት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስና ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው።

ረጅም ቁልቁለት በተራው የፍሬንን ዘይት ይፈትናል። ዘይቱ ከአየር እርጥበትን የመምጠጥ ጠባይ አለው፤ ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፣ ውሃ ከቀላቀለ በኋላ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናውም አይቆምም። በዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ በመብራት የሚጠቁም፣ ብዕር የሚያህል መሣሪያ አለ፤ የፍሬን ሸራውንና የዲስኩን ውፍረት ለማወቅ ደግሞ ካሊፐር፣ ማለትም ሚሊሜትርን ከፋፍሎ የሚያነብ መንጋጋ ያለው ማስመሪያ፣ ይበቃል። ሸራው ወደ 3 ሚሊሜትር ከወረደ መለወጥ አለበት፤ የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በራሱ ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ይህን ለክቶ የሚያውቅ ሾፌርም ቢሆን ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ከመውረድ ነፃ አይሆንም።

መፍቻን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለቶዮታና ለመሰሎቹ የጃፓን መኪኖች 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ሚሊሜትር አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ፣ የአውሮፓ መኪና ያለው ሰው 13ን ይጨምራል። ጉዳዩ የሚከብደው ማጥበቅ ላይ ነው። ለብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች የጎማ ዳዶ የታዘዘው የማጥበቂያ ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ይህም ግማሽ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ገደማ እንደ መጫን ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እጀታው ላይ ቢቆም ከታዘዘው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ያሳርፋል፤ የብሎኑ ጥርስ የሚበላው፣ ጎማ መንገድ ላይ ሲፈነዳ ዳዶው አልፈታ የሚለውም በዚህ ነው። ቶርክ መፍቻ የተባለው መሣሪያ የተወሰነለት ኃይል ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰምቶ ያስጠነቅቃል።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። መኪና ሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ መተማመን የለበትም፤ ክብደቱን የሚሸከም፣ ሰፊ እግር ያለው የብረት መቆሚያ ያስፈልገዋል፣ ብሎኬት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ስለሚፈረካከስ ሊተካው አይችልም። በተዳፋት ግቢ ሌላም አደጋ አለ፦ በአብዛኞቹ አነስተኛ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ የኋላ ጎማ ሲነሣ ከያዙት ሁለቱ አንዱ መሬት ይለቃል። ስለዚህ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በሽብልቅ መታገድ አለባቸው። ድንጋይም ያግዳል፤ ችግሩ ሾፌሩ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ድንጋዩን አስፋልት ላይ ጥሎት መሄዱ ነው፣ ይህም በአገሪቱ መንገዶች ሁሉ የታወቀ ክፉ ልማድ ነው።

የመጨረሻው መለኪያ ቴስተር ነው። ያደረ ባለ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ያህል ያነባል፣ 12.0 ላይ ሲወርድ ሩቡ ያህል ብቻ ቀርቶታል፤ ሞተሩ ሲነሣ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ጥርጣሬው ከባትሪው ይልቅ ወደ ዲናሞው ወይም ወደ ቺንጊያው፣ ማለትም ዲናሞውን ወደሚያዞረው ቀበቶ፣ ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየተለመደ መጥቷል፤ እሱም ከዋናው ባትሪ ሌላ መብራቱንና መቆጣጠሪያውን የሚያንቀሳቅስ ባለ12 ቮልት ባትሪ ስላለው ቴስተሩ ሥራ አይፈታም። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያስተላልፉት ብርቱካናማ ገመዶች ግን በቤት ውስጥ መሣሪያ የሚነኩ አይደሉም፤ የእነሱ ሥራ ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ድርሻ ነው።