ከመኪናው የቤንዚን ሽታ ሲመጣ፦ ከየት ነው? ምን ላድርግ?

እህቴ፣ «አሮጌ መኪና ይሸታል፣ ጠባዩ ነው» ቢሉሽ አትመኚ። መኪናው ቢያረጅም ደህና ከሆነ ቆሞ ሳለ ቤንዚን ቤንዚን አይልም። ከሸተተሽ የሆነ ቦታ ላይ ነዳጁ ወይም ትነቱ እያመለጠ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ በትንሽ ዕቃ የሚስተካከል ነገር ነው። መጠገኑ ያንቺ ሥራ አይደለም። ግን ሽታው መቼና ከየት እንደሚመጣ ለይተሽ ከተናገርሽ ሰሚ ታገኛለሽ። «ሸተተኝ» ብቻ ካልሽ «ይለፍሻል» ተብሎ ሊቀር ይችላል።

እኛን ለምን ይመለከተናል?

ማዳም ከመኪናው ወርዳ ወደ ቤት ትገባለች። እኛ ግን ጋራዡን እናጥባለን፣ ኋላ ወንበር ላይ ከልጆቹ ጋር እንቀመጣለን፣ የአንዳንዶቻችን ክፍል ደግሞ ከጋራዡ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሪያድ ውስጥ በሠራሁበት አንድ ቤት የእኔም ክፍል እንደዚያ ነበር። ማታ መኪናው ሲገባ ሽታው በበሩ ሥር ይመጣል፣ ጠዋት ራሴን እያመመኝ እነሳለሁ። ማዳም «ውሃ ስለማትጠጪ ነው» ትለኝ ነበር። መኪናው ወጥቶ ባደረባቸው ቀናት ግን ራሴን ቀለል ይለኝ ነበር። ይህን ለሹፌሩ ስነግረው የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሰናዒያ ወስዶት ክዳኑና አንድ የጎማ ቱቦ ሲቀየር ሽታውም ራስ ምታቱም ጠፋ።

ሽታው በበሩ ሥር የሚመጣው በምክንያት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል። ፍራሽሽ መሬት ላይ ከሆነ ቀድሞ የሚደርሰው አንቺ ጋ ነው።

ትነቱ እንዴት ያመልጣል?

ቤንዚን እሳት ሳይነካውም በራሱ ይተናል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ሪያድ በሐምሌ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ታንኩ ውስጥ ብዙ ትነት ይጠራቀማል። መኪናው ይህን ትነት የሚይዝበት በከሰል የተሞላ ጣሳ አለው። ከሰሉ ትነቱን ይመጠዋል፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ስቦ ያቃጥለዋል። ታንኩን፣ ጣሳውንና ሞተሩን የሚያገናኙት ቱቦዎች ናቸው። በዚህ ደረቅ ሙቀት ጎማ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። መኪና ሲያረጅ የሚሸተው ለዚህ ነው።

ሽታው መቼና የት ነው?

• ከኋላ በጎን፣ በተለይ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ፦ መጀመሪያ የሚታየው ክዳኑ ነው። ጎሚኒው ተሰንጥቆ ወይም ክዳኑ በደንብ ሳይጠብቅ ሊሆን ይችላል። የማደያው መቅጃ «ጠቅ» ብሎ ካቆመ በኋላ እየጨመሩ መሙላትም ፈሳሹን ወደ ከሰሉ ጣሳ አስገብቶ ያበላሸዋል።

• ኋላ ወንበር ላይ ስትቀመጪ፦ በብዙ መኪኖች የነዳጁ ፓምፕ ከዚያ ወንበር ሥር ነው። የፓምፑ ጎሚኒ ሲያረጅ ሽታው ወደ ውስጥ ይገባል።

• መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲውል፦ ከታንኩ ወደ ከሰሉ ጣሳ የሚሄደው ቱቦ ወይም ጣሳው ራሱ ይጠረጠራል።

• ከፊት፣ ሞተሩ ሲነሳ፦ ይህ የባሰ ነው። እዚያ ያለው ቱቦ ቤንዚን በግፊት ያስተላልፋል፣ ሞተሩም የጋለ ነው። ወዲያው መጥፋት አለበት።

• ከመኪናው ሥር እርጥበት ካለ፦ ሽታ የሌለው ከሆነ የኤሲው ውሃ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ፈሳሹ ራሱ እየፈሰሰ ነውና መኪናው መነሳት የለበትም።

ሹፌሩን ቢጫው የሞተር መብራት በርቶ እንደሆነም ጠይቂው፤ ትነት ሲያመልጥ ሊበራ ይችላል። ቦታው ካልታወቀ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ጭስ ወደ ቱቦዎቹ ነፍቶ በየት እንደሚወጣ ያያል። አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምድ አንቺ ሽታውን የምትፈትሺው ከውጭ አየር ስትመለሺ ነው። መኪናው ሥር ገብተሽ ወይም መብራት ለኩሰሽ አትፈልጊ።

ጤናሽን ምን ያደርጋል?

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይንና የጉሮሮ ማቃጠል ያመጣል። ንጹህ አየር ስታገኚ ከቀለለሽ አንድ ምልክት ነው። ቤንዚን ውስጥ ቤንዚይን የሚሉት ንጥረ ነገር አለ፤ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ደም የሚሠራውን መቅኔ ይጎዳል፣ የደም ካንሰርም ያመጣል። አንድ ቀን ስለሸተተሽ ትታመሚያለሽ ማለት አይደለም፤ በየሌሊቱ እየተነፈሽው መኖር ግን የለብሽም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ይበልጥ ራቂ።

ሞተሩ እየሠራ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም አትቆዪ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ዛሬውኑ የምታደርጊው

• የጋራዡ በር ይከፈት፤ መኪናው ውጭ ይደር። ካልሆነ አንቺ ሌላ ክፍል ተኚ፣ የበርሽንም ሥር በጨርቅ ድፈኚ።

• እዚያ አካባቢ ከሰል አታያይዢ። ቡናም ቢሆን፣ የቡኹር ማጨሻም ቢሆን ራቅ ይበል። ትነቱ ከሩቅ እሳት ይስባል።

• የፈሰሰ ቤንዚን ላይ አሸዋ ይደረግበት። ቤንዚን የነካው ልብስ ማሽን ውስጥ አይገባ፤ ቆዳሽን በሳሙናና በውሃ ታጠቢ።

• በቱቦ በአፍሽ ሳቢ ቢሉሽ እምቢ በይ። ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል። ከተዋጠ ለማስመለስ አትሞክሪ፣ ወደ ሐኪም ሂጂ።

እንዴት ልንገራቸው?

በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ። ሽታው የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ ያመመሽንም በስልክሽ ጻፊ። ከዚያ እንዲህ በይ፦ «ማማ፣ ፊ ሪሐት በንዚን ፊ ጉርፈቲ፣ ራሲ ዮጀዕኒ።» «ክፍሌ ውስጥ የቤንዚን ሽታ አለ፣ ራሴን ያመኛል» ማለት ነው። ልጆቹም በዚያው መኪና እንደሚሄዱ ጨምሪ።

የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ተስማሚ መኖሪያ እንዲሰጥሽ ያዛል፤ ጤናሽን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራሽም ይከለክላል። ቤንዚን መቅዳትና መኪና መፈታታት የቤት ሥራ አይደለም። ከታመምሽ ሐኪም ጋ የመሄድ መብት አለሽ፤ ለሐኪሙም «ቤንዚን እተነፍሳለሁ» ብለሽ ንገሪው፣ ካልነገርሽው አያውቅም።

እነዚህን ቁጥሮች ያዢ

• 911፦ ሪያድ ውስጥ ለማንኛውም አስቸኳይ አደጋ
• 998፦ እሳት (ሲቪል ዲፌንስ)
• 997፦ አምቡላንስ
• 937፦ የጤና ሚኒስቴር ምክር
• 19911፦ የሰው ኃይል ሚኒስቴር፣ ለሥራ አቤቱታ

እሳት ከተነሳ ውሃ አትድፊበት፤ ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይስፋፋል። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ በሩን ከኋላሽ ዝጊ፣ ስልኩንም የምትደውይው ከውጭ ሆነሽ ነው።