ምግቡን ብንተው ሰውን አንተው

በቡና አገር በካፋ፣ በቦንጋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ለብዙ ትውልድ ከዚህ ጥሪ የቀሩ ጎረቤቶች ግን አሉ፤ ማንጆዎች።

ማንጆዎች ቀድሞ በአደን ይታወቁ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ያርሳሉ፣ ማገዶና ከሰል ለገበያ ያቀርባሉ። በቆየው ልማድ ከሌላው ሰው ቤት አይገቡም፣ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ አይጋቡም፤ የሚበላ ቢሰጣቸውም በተለየ ዕቃ ወይም በቅጠል ነበር። ለምን ሲባል የሚሰጠው ምክንያት እንደ ጉሬዛና የዱር አሳማ ያለ የማይበላ ሥጋ ይበላሉ፣ ንጹሕ አይደሉም የሚል ነው።

ምክንያቱ የሃይማኖት መልክ አለው። የሚበላና የማይበላ እንስሳን መለየት በአገራችን ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው፤ የሚጠብቀውም ሰው አይነቀፍም። ጥያቄው ስለ ሥጋ የተሠራው ሥርዓት እንዴት ወደ ሰው ተሻገረ የሚለው ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ጴጥሮስ በራእይ ያየው እንስሳትን ነበር። ቆርኔሌዎስ ቤት ሲገባ ግን የተናገረው ስለ ሰው ነው፤ ማንንም ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው መሰከረ። በገላትያ ምዕራፍ 2 እንደምናነበው ያው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሰዎችን ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ራቀ፤ ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው። እውነቱን እያወቁ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ መሸሽ ሐዋርያንም አግኝቷል።

በካፋ ብዙ ማንጆዎች የዱር ሥጋ ትተዋል፤ ተጠምቀው በኦርቶዶክስ፣ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ይጸልያሉ። ሥጋው ቢቀርም መገለሉ ግን ፈጽሞ አልቀረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል፤ ቤታችን ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የምንወስነው ግን እኛው ነን።

ሥርዓትን ጠብቆ ሰውን ማክበር እንደሚቻል አገራችን አሳምራ ታውቃለች። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ቢሆንም ቡና አብረው ይጠጣሉ፤ ሠርግ ሲኖር ለሌላው እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ በሐዘንም አብረው ይቀመጣሉ። ለሙስሊም ጎረቤታችን ያልነፈግነውን ክብር አብሮን ለተጠመቀ ወንድማችን የምንነፍግበት ምክንያት የለንም።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ይህ ልማድ በእኛ በኩል ወደ ልጆች ያልፋል። ልጅ ከስብከት ይልቅ የቤቱን ነገር ያያል። ማገዶ ይዛ የመጣች ሴት ውኃ ብትጠይቅ አያቱ በየትኛው ኩባያ እንደሰጧት፣ ከሄደች በኋላም ኩባያው የት እንደተቀመጠ ልብ ይላል።

ስለዚህ ከትንሹ እንጀምር። ለቤተሰቡ በሚቀርበው ኩባያ እናጠጣ። «ማንጆ» የሚለው ስም በቤታችን ስድብ እንዳይሆን እንከልክል። ልጃችን ከማንጆ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ቢቀመጥ፣ ቤትም ይዞት ቢመጣ፣ ገበታው አንድ ይሁን። አያት ቀድመው እጃቸውን ከሰደዱ ሌላው ቤተሰብ ለመከተል አይቸገርም።