ሠንጠረዥ አንባቢውን ፋንክሽን በአማርኛ ስለ መግለጽ

አንድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ለጆሮ መስማማቱ ነው፤ ሁለተኛው ቃሉን ያነበበ ሰው ሥራውን በትክክል ለመሥራት መቻሉ ነው። በልብ ወለድ ትርጕም ውስጥ ቦታውን የሳተ ቃል የአንባቢውን ስሜት ይቀንስ ይሆናል። በኮምፒዩተር መመሪያ ውስጥ ግን የተሳሳተ ውጤት ያስገኛል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ማንም ሳያውቀው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ፈተና በአንድ ውሱን ምሳሌ እንመረምራለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው «ሪድ ኤክሴል» የተባለውን ፋንክሽን ነው። ይህ ፋንክሽን የሚገኘው በፓይቶን ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች በተዘጋጀው «ፓንዳስ» በተባለው የመረጃ ማቀናበሪያ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ፓንዳስን እ.ኤ.አ. በ2008 መሥራት የጀመረው አሜሪካዊው ዌስ መኪኒ ነው። የፋንክሽኑ ሥራ በአጭሩ ሲገለጽ፣ በኤክሴልና በመሰል ፕሮግራሞች የተዘጋጀን ሠንጠረዥ ከፋይል አንብቦ «ዳታፍሬም» በሚባል ቅርጽ ለተጠቃሚው ማስረከብ ነው።

በቅድሚያ «ፋንክሽን» የሚለውን ቃል እንይ። አንዳንድ ተርጓሚዎች «ተግባር» ይሉታል። ይሁንና «ተግባር» በአማርኛ ሥራንም ግዴታንም ስለሚያመለክት «የዚህ ተግባር ተግባር» የሚል ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ያስገድዳል። ስለዚህ «ፋንክሽን» እንዳለ ቢቀመጥ፣ «ተግባር» ደግሞ ለተለመደው ፍቹ ቢተው እንመርጣለን።

ለሠንጠረዡ ክፍሎች ግን ከውጭ መዋስ አያስፈልግም። በፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ገበታ «ሉህ»፣ አግድም የተዘረጋው «ረድፍ»፣ ሽቅብ የቆመው «ዓምድ» ሊባል ይችላል። ዓምድ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚቆም በመሆኑ ስሙ ራሱ አቅጣጫውን ይነግራል። የዓምዶች ስም የተጻፈበት የላይኛው ረድፍ «ራስጌ» ቢባል፣ «የግርጌ ማስታወሻ» ማለትን ለለመደ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ስለ አቈጣጠር ነው። ፋንክሽኑ የትኛውን ሉህ እንደሚያነብ የሚታዘዘው «ሺት ኔም» በተባለው መወሰኛ ሲሆን፣ ትእዛዙ በስም ወይም በቍጥር ሊሰጥ ይችላል። ቍጥሩ የሚነሣው ከ0 ነው፤ 0 የመጀመሪያውን ሉህ፣ 1 ሁለተኛውን ያመለክታል። ይህን ቍጥር «ተራ ቍጥር» ብሎ የሚተረጕም ሰው አንባቢውን ያሳስታል። በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ «ተ.ቁ.» የሚለው ዓምድ ከ1 እንደሚጀምር የማያውቅ የለምና። አንባቢው የመጀመሪያውን ሉህ ፈልጎ 1 ቢጽፍ፣ ፋይሉም ሁለት ሉሆች ቢኖሩት፣ ፋንክሽኑ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሁለተኛውን ያነብለታል። በዚህም የተነሣ «ከዜሮ የሚነሣ መቍጠሪያ» የሚለው ረዘም ያለ አገላለጽ ከአጭሩ ይሻላል እንላለን። የራስጌው ረድፍም የሚታዘዘው በዚሁ መቍጠሪያ ነው፤ ኤክሴል በጎን 1 ብሎ የሚያሳየው ረድፍ ለፋንክሽኑ 0 ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ኖን» ነው። በመዝገበ ቃላት አቻው «ምንም» ሊሆን ይችላል። ለራስጌ መወሰኛ «ኖን» ሲሰጥ ፍቹ በእርግጥ «ራስጌ የለም» ማለት ነው። ለሉህ መወሰኛ ሲሰጥ ግን ፋንክሽኑ ሉሆቹን በሙሉ ያነባል። «ምንም» ብለን የተረጐምነው ቃል «ሁሉንም» ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቃል ሳይተረጐም በስሙ ተቀምጦ፣ በየመወሰኛው ሥር የሚያስከትለው ውጤት ሊብራራ ይገባል። ብዙ ሉሆች ሲነበቡ የሚገኘውን ስብስብም የፓይቶን ሰዎች ከመዝገበ ቃላት ጋር በአንድ ስም ይጠሩታል። ይሁን እንጂ ይህ ስብስብ ፍች የሚሰጥ መጽሐፍ ሳይሆን የሉሁ ስም ሲነገረው የሉሁን ይዘት የሚያቀርብ ነው። ስለዚህ «በቁልፍ የሚፈለግ ስብስብ» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው ጥያቄ የ«ባዶ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ «በፈተናው ባዶ አገኘ» ሲል ዜሮ ማለቱ ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ ግን ዜሮና ያልተጻፈ ነገር የተለያዩ ናቸው። ሦስት ተማሪዎች ቢኖሩ፣ ሁለቱ 80 እና 70 አግኝተው የሦስተኛው ውጤት ባይመዘገብ፣ ፓንዳስ የጐደለውን ትቶ አማካዩን 75 ያደርገዋል። በጐደለው ቦታ ዜሮ ቢገባ አማካዩ 50 ይሆናል። ስለሆነም «የጐደለ ዋጋ» የሚለው ስያሜ «ባዶ ዋጋ» ከሚለው እጅግ ይመረጣል። በተጨማሪም ፋንክሽኑ አንዳንድ የተጻፉ ቃላትን ሳይቀር እንደ ጐደሉ ይቈጥራል። ከእነዚህ አንዱ «ኤን» እና «ኤ» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ሲሆኑ፣ እነርሱው የናሚቢያ ዓለም አቀፍ መለያ ናቸው። ተጠቃሚው ይህን ነባር ዝርዝር እንዲተው ካላዘዘ በቀር ናሚቢያ ከአገሮች ሠንጠረዥ ትጠፋለች።

ስለ መረጃ ዓይነት ሲጻፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ09 የሚጀምር የስልክ ቍጥር በፋይሉ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ተቀምጦ እንኳ፣ ፋንክሽኑ ዓምዱን ወደ ቍጥር ሊለውጠውና ፊተኛውን ዜሮ ሊጥለው ይችላል። መድኀኒቱ «ዲታይፕ» በተባለው መወሰኛ ዓምዱ ጽሑፍ ነው ብሎ ማዘዝ ነው። ነገር ግን ቍጥሩ ሲመዘገብ ዜሮው ቀድሞ የወደቀ ከሆነ ትእዛዙ አይመልሰውም። መመሪያው «በሚነበብበት ጊዜ» እና «በሚመዘገብበት ጊዜ» የሚሉትን መለየት አለበት። ይህ ልዩነት በእኛ አገር ዘመን አቈጣጠር በግልጽ ይታያል። ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በ5/2/2016 ቢጻፍ የተመን ሠንጠረዥ ፕሮግራሙ የፈረንጆች ቀን አድርጎ ይወስደዋል፤ ጥቅምት 30 በ30/2/2016 ቢጻፍ ግን የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት መረጃ ተቀላቀለ ማለት ነው። ይህም የሚድነው ከመጻፉ በፊት ዓምዱን ጽሑፍ በማድረግ ነው።

በመጨረሻም «የኤክሴል ፋይል» የሚለው ስም ራሱ አንድ ነገር ብቻ አያመለክትም። የቀድሞው ቅርጽ በአንድ ሉህ 65,536 ረድፎችን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው 1,048,576 ረድፎችን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የኮቪድ መረጃ ወደ ቀድሞው ቅርጽ ሲገለበጥ ሉሁ ሞልቶ 15,841 ሕሙማን ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተው ነበር። ፋንክሽኑም ለሁለቱ ቅርጾች የሚጠቀምባቸው አንባቢ ሞተሮች የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ መመሪያ ጸሐፊው የትኛውን ቅርጽ ማለቱ እንደሆነ በስም መግለጽ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ ሦስት መመሪያዎችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ዕለታዊው ቃል ነገሩን በትክክል ከያዘው፣ እንደ «ሉህ»፣ «ዓምድ»ና «ራስጌ»፣ እርሱን መውሰድ ነው። ሁለተኛ፣ ዕለታዊው ቃል ሌላ ልማድ ይዞ ከመጣ፣ እንደ «ተራ ቍጥር»ና «ባዶ»፣ ቢረዝምም የሚለይ አገላለጽ መፍጠር ነው። ሦስተኛ፣ ቃሉ በየቦታው ፍቹን የሚለውጥ ከሆነ በስሙ ትቶ ውጤቱን ማስረዳት ነው። ስያሜ ከመጽደቁ በፊት ሙያውን የማያውቅ አንድ አንባቢ መመሪያውን ብቻ ይዞ ሥራውን ቢሞክር፣ የቃሉ ብቃት ከማናቸውም ክርክር ይልቅ በዚያ ይፈተናል። ከዚህ የተሻለ አቻ ያላቸው ተርጓሚዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች ሐሳባቸውን ከነምሳሌው ቢያቀርቡ ለቀጣዩ ሥራ ይጠቅማል።